የሚዛን ካናቴራ

በፋብሪካው የደስታ ቀን መደሰት ግዴታ ነው። ጠዋት በጎ ሥራ ይሠራል፣ ከሰዓት ጨዋታ አለ፣ አኩርፎ የተገኘ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መቀለጃ ሆኖ ይከርማል። ስለዚህ ቆራጯም እንደ ሰው ጥርሷን እያሳየች አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ቆራጯ የሚሏት በልብስ ስፌት ፋብሪካው ጨርቅ የምትቆርጥ ስለሆነች ነው። የደስታ ቀን ካናቴራዎችንም በየዓመቱ የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ያውም ሜትር ሳትይዝ። የአለቃዋን ዳሌ፣ የልብስ ተኳሹን ቦርጭ፣ የዘበኛውን ረጅም ክንድ እጇ በቃሉ ይዞታል። "ይቺ ሴት ሰላም ስትለን ልካችንን እየወሰደች ነው" እያሉ ያሟታል።

አለቃዋ አውቶቡሱ ውስጥ እየዞረች ካናቴራውን አደለች። ሁሉም ለበሰ። አንዱ ግን እጇ ላይ ቀረ። የማን ይሆን ብላ ብትዘረጋው ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ተደርጎ ተቆርጧል። ሁሉም ወደ ቆራጯ ዞረ።

እንዲህ ያለ ትከሻ የነበራት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከቆራጯ ጎን ባለው መኪና ላይ ትሰፋ የነበረች፣ የልብ ጓደኛዋ። ትከሻዎቿ እኩል ሆነው ስለማያውቁ ሚዛን ነበር የሚሏት። እሷም አትቀየምም፤ "የተንጋደደው ዓለሙ ነው፣ እኔስ ቀጥ ብያለሁ" ትላቸው ነበር። በከሰዓቱ የገመድ ጉተታ ጨዋታ ላይም ሁልጊዜ የገመዱን ጭራ የምትይዘው እሷ ነበረች። ሚዛን በዚሁ ዓመት ታማ ሞታለች።

"ስጭኝ" አለች ቆራጯ። ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁሉም አሁን ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ምንም አልተሰማትም። የቀብሩም ዕለት እንደዚሁ ነበር፤ ሰው ደረቱን ሲመታ እሷ የሰው ጫማ ስታይ ነበር። የሚዛን እናት ዞር ሲሉ ደረቅ ዓይኗን አዩት። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው አላለፈችም። ልጄን አትወዳትም ነበር ይሉኛል ብላ ፈርታለች።

ታዲያ እንደ እልህ፣ ዘንድሮ ለበጎ ሥራ የተመረጠው የእኚሁ እናት ቤት ሆነ። ግድግዳውን ቀለም ሊቀቡላቸው ነው። ቆራጯ "ራሴን አሞኛል፣ ልቅር" ብላ ሞክራ ነበር። አለቃዋ ግን "የዛሬ ራስ ምታት መድኃኒቱ ብሩሽ ነው" ብላ ዘጋቻት።

እናትየው በር ላይ ቆመው ሁሉንም አንድ በአንድ ሳሙ። ቆራጯን ሲስሙ እጃቸው ክንዷ ላይ ትንሽ ቆየ። እሷም ብሩሽ አንስታ ሹልክ ብላ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች። እንግዳ የማያየው፣ ቢቀባ ባይቀባ ለማንም የማይገደው ግድግዳ ነው። ቀለሙን ወደ ላይ ታወጣዋለች፣ ወደ ታች ታወርደዋለች። ከፊት ለፊት ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ የአለቃዋን ፀጉር ነጭ አድርጎት ያሯሩጡታል። ለእሷ ይሄ ሁሉ ከጎረቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነበር።

ተኳሹ ቀለም በቀለም ሆኖ መጣ። ልብስ የሚተኩስ ሰው ነው፤ መሰላሉንና ቀለሙን ጭኖ ቀድሞ ስለመጣ የአውቶቡሱን ነገር አልሰማም።

"አንቺ፣ መጥረጊያ የለሽም?" አለና መልስ ሳይጠብቅ ከተከፈተው ቦርሳዋ ካናቴራውን መዥረጥ አድርጎ እጁን ጠረገበት። የካናቴራው ደረት ላይ ነጭ መዳፍ ታተመ።

ቆራጯ አየችው። ልትቆጣ ቁጣ ፈለገች፣ አጣች። "ይሁን" አለችው።

"አምጣው እስቲ" አለ ድምፅ ከኋላቸው። እናትየው የሚጠጣ ውኃ ይዘው ቆመዋል። ካናቴራውን ተቀብለው ዘረጉት፤ ጣታቸው ዝቅ ባለው ትከሻ ስፌት ላይ ሄደ። ተኳሹ ያኔ ገባው። "አፈር ልብላ" አለና ወደ ኋላው እየሄደ ጠፋ።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ። አስቤ አይደለም። ለሁሉም ስቆርጥ የሷንም ቆርጬ አገኘሁት። ለእጄ ማንም አላረዳውም መሰለኝ።"

እናትየው አንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት።

"እኔም ሲመሽ በር የምዘጋው ገብታለች ወይ ብዬ ጠይቄ ነው" አሉ። "ማንን እንደምጠይቅ እንጃ።"

"እማማ፣ የቀብሩ ዕለት እንባ እምቢ አለኝ።"

"አይቻለሁ።"

"ምን አሉ ታዲያ?"

"ታድላ አልኩ። እኔ የጮኽኩት ሰው ስለሚያየኝ ነው። እናት ሆኜ ዝም ብል ምን ይሉኛል? ሰው ሲበተን እንባዬም አብሮ ተበተነ። ይቺ እንኳ እንደኔው ናት ብዬ ስጠብቅሽ፣ አንቺ በዚያው ቀረሽ።"

ቆራጯ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠች። አፈረች። እሳቸው ግን ተነስተው ካናቴራውን በቀሚሳቸው ላይ አጠለቁት። አጠራቸው፤ ግራ ጎኑም ተጎትቶ ወደ ላይ ተሰበሰበ።

"እንዴት ነኝ?" አሉ።

"ይቁሙ፣ ላስተካክልልዎት።"

በየዓመቱ ለሚዛን እንደምታደርገው አደረገች። መዳፏን አንገት ሥር አሳርፋ በግራው ትከሻ ላይ ሰደደችው። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ ትንሽ ሄዶ ዝቅ ይላል። ሄደ፣ አልወረደም። ትከሻው እንደማንም ሰው ትከሻ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ ደረሰ። እጇ እዚያው ቆመ።

"ምነው ልጄ?"

"እኩል ነው" አለች። "የእርስዎ እኩል ነው፣ እማማ።"

ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለው እንባ በአንድ ጊዜ መጣ። እናትየው እጇን ትከሻቸው ላይ እንዳለ ደግፈው ያዙት። በሌላው እጃቸው የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ።

ከቤቱ ፊት ካለው ሜዳ የተኳሹ ድምፅ ተሰማ። "ገመዱ ሰው ጎድሎታል፣ ጭራውን የሚይዝ ይምጣ!"

"ይጠብቁ" አሉ እናትየው።

ቆራጯ እጇን ከዚያ አላነሳችም።