ለግንባር የተሰጠው ሻል

«እትዬ ከሪማ፣ ይኸን ከየት አመጡት?»

ለይላ ይህን ስትል ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። እናቷ ዘይቱና ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከሪማ «አላህ ይዘንላት» ብላ ሰሌኑ ላይ መቀመጧ ነበር።

«ምኑን?»

«የለበሱትን። የእናቴን እጅ አጣዋለሁ?»

ከሪማ ትከሻ ላይ ያለውን የሱፍ ሻል ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ዘይቱና ከኩታበር ያስመጣችውን የበግ ጠጉር ራሷ ባዝታ፣ ራሷ ፈትላ፣ ከብስክሌት ሽቦ በተሠሩ ሁለት መርፌዎች ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ነው። ክሩ አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ አሠራሩ እንደ ማር እንጀራ ጎድጎድ ያለ ነው። ነጩ ጠጉር ሲያልቅባት ጠርዙን በጥቁር ጨረሰችው። የደሴ ብርድ ደረቷን ስለሚያማት ለራሷ ነበር የጀመረችው።

በጥቅምት ከሪማ «ለግንባር ልጆች የሚሞቅ ልብስ!» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ለይላ ሻሉን ልትደብቀው ስትል እናቷ ከእጇ ወሰደችው። የለይላን ወንድም የሱፍን ከኮምቦልቻ ገበያ አፍሰው ለውትድርና ከወሰዱት ዓመት አልፎት ነበር።

«ለየሱፍ ባይደርስ ለሌላዋ እናት ልጅ ይደርሳል» ብላ አጣጥፋ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ሳሉ ሲያጣድፋት እንኳ፣ «ይኸኔ አንዱን አሙቆት ይሆናል» ትል ነበር። እንዲህ እንዳለች ሞተች።

«ወደ ግንባር የሚሄደው መኪና ሞልቶ የተረፈ ነው» አለች ከሪማ። «ደግሞ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ እወቂ።»

አክስቷ ጣይባ የለይላን ቀሚስ ጎተተች። «ተይ አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ታስጨርሽናለሽ!»

ለይላ ግን ብድግ አለች። እርስዎ ማለቱንም ተወችው።

«እናቴ ወታደር ለብሶታል ብላ ነው የሞተችው። አውልቂው!»

ከሪማ ሴቶቹን አየች። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ጣይባ ቀስ ብላ ቀሚሱን ለቀቀች።

«አውልቂላት» አለች።

ከሪማ ሻሉን ሰሌኑ ላይ ወረወረችው። «ነገ ቀበሌ ትጠሪያለሽ!» ብላ ወጣች።

ለይላ ስታነሳው የሰው ሽቶ ሸተታት። ጓሮ ወስዳ ሳፋ ውስጥ ነከረችው። በሳሙና አሸችው፤ ጥርሷን ነክሳ ደግማ አሸችው። ሽቶው እየለቀቀ ሲሄድ ከረጠበው ጠጉር ሌላ ሽታ ወጣ፤ እናቷ ስትፈትል ቤቱን ይሞላው የነበረው የበግ ሽታ።

እጇ ቆመ። ሻሉን ከሳፋው አንስታ ውሃው እየተንጠባጠበ ፊቷን ቀበረችበት።