የውሃ አባትን ማን ይዳኛል?

ናጂሃ ማህዲ ሕገ መንግሥት ስታስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው አስተምራ፣ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፋ፣ ፕሮፌሰር ተብላ ወደ ቡሬ ስትመለስ የበርበሬ ነጋዴው አባቷ ሐጅ ማህዲ ለገበያው ሁሉ አወሩ። አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም።

«ማስተማሩስ እሺ፤ አንቺ ያወጣሽው ሕግ የትኛው ነው?» አሏት።

«ባባ፣ እኔ ሕግ አላወጣም። የወጣውን ነው የምተነትነው።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን የሰው ሕግ ስታሚ ነዋ የኖርሽ!»

በጥር ወር የቀድሞ ተማሪዋ ምስክር ደወለላት። ፍኖተ ሰላም ዳኛ ሆኗል። «መምህር፣ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች በመስኖ ውሃ ተራ እየተካሰሱ ችሎቴን ሞሉት። እባክዎ አንድ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፉላቸው» አላት። ናጂሃ ደስ ብሏት ሠላሳ ስምንት አንቀጽ ጻፈች። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባች፤ ከዚያ ከምስክር ጋር በባጃጅ እየተንገጫገጩ ቀበሌው ደረሱ።

ስድሳ የሚሆን ሰው በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ጠበቃት። ከፊት አቶ ክንዱ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አሥራ ስድስት ዓመት የውሃ አባት ሆነው የቦዩን ተራ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ናጂሃ ማንበብ ጀመረች። የውሃ አባት ተራ ያወጣል፤ ቦይ ያስጠርጋል፤ ቅሬታ ይሰማል፤ አጥፊ ይቀጣል። አቶ ክንዱ በየአንቀጹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሌላው ሰው ማዛጋት ጀምሯል።

አንብባ ስትጨርስ ከቦዩ ጫፍ ሽንኩርት የሚያለሙት ወይዘሮ አቻምየለሽ ከኋላ ተነሡ።

«ልጄ፣ ተባረኪ፣ ደግ አነበብሽ። እኔ ጆሮዬ ደከም ስለሚል አንድ ነገር ያመለጠኝ መሰለኝ። የውሃ አባት ራሱ ያለ ተራው ቢያጠጣ፣ ማን ዘንድ ነው የምከሰው?»

ናጂሃ ወረቀቱን ገለበጠች። አንቀጽ ሃያ አንድ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ። «ቅሬታ ያለው... ለውሃ አባት ያቀርባል።»

«እሱን ለእሱ?» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። «ጆሮዬስ ደኅና ኖሯል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ናጂሃ ፊቷ ጋለ። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን እንደሌለበት መቶ አርባ ገጽ የጻፈች ሴት ናት! አጠገቧ ምስክር አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይችኑ ጥያቄ ፈተና ላይ ቢስት «ዲ» የሰጠችው እሷ ነበረች። በመጨረሻ እሷም ሳቋ አመለጣት።

«እማማ፣ ፈተኑኝ፤ ወደቅሁ» አለች።

አቶ ክንዱ ግን አልሳቁም። «ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ እኔን ነው?»

«ወንበሩን ነው እንጂ አንቱንማ ምን በወጣኝ። እኔ ከታች ነኝ፤ ከላይ ያለው ካልጠራ ለኔ የሚደርሰኝ ድፍርሱ ነው።»

የውሃ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው። አቶ ክንዱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«በታኅሣሥ ድንቼ ሊደርቅ ሲል የእርስዎን ተራ ወስጃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሳልጠየቅ ስቀር ጊዜ ልክ የሆንሁ መሰለኝ። ይጻፍ መምህርት፣ ጠያቂ ይኑረኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አላዛጋም። ሠላሳ ስምንቱ አንቀጽ እየተጣለ፣ እየተቆረጠ፣ አሥራ አንድ ቀረ። ከቦዩ ላይ፣ ከመካከሉና ከታቹ አንዳንድ ሰው ተመርጦ በውሃ አባት ላይ የሚቀርብ ክስ በሦስቱ ዳኝነት እንዲታይ ተስማሙ። ከታች ወይዘሮ አቻምየለሽ ተመረጡ። ድምፅ ሲሰጥ ናጂሃ የወጣውን እጅ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ አንድም የቀረ አልነበረምና ዓይኗን አላመነችውም።

ስትወጣ አባቷ ጋ ደወለች። «ባባ፣ ሕግ አወጣሁ!»

«ስንት አገር ይገዛል?»

«ስድሳ ሁለት ገበሬና አንድ ቦይ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጅ ማህዲ። «ጀምረሻል ማለት ነው።»

በሚያዝያ ምስክር እንደገና ደወለ። ከዚያ ቀበሌ አንድም ክስ ወደ ችሎቱ አልመጣም። በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የተከሰሱት ግን አቶ ክንዱ ነበሩ፤ የጎረቤታቸውን የቢሆነኝን ተራ ነክተው ሁለት ቀን ቦይ እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። አቶ ክንዱ ለገበያ ፍኖተ ሰላም ወጥተው ኖሮ ስልኩን ከምስክር ተቀበሉት።

«መምህርት፣ ደኅና ነዎት? ፍርዱን ተቀብያለሁ፤ ጠርጌያለሁም። ግን ከእማማ አቻምየለሽ ፍርድ ወዴት ይግባኝ ይባላል? ደንቡን ሦስቴ አስነበብሁት፤ የለም።»

ናጂሃ አሥራ አንዱን አንቀጽ በሐሳቧ አንድ በአንድ ሄደችበት። እውነትም የለም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች እየሳቀች።