ሦስት በቅሎና አራት አህያ

አልታዬን አንደኝነቱን ያሳጣት እኔ ያወጣሁት ጥያቄ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ መካነ ሰላም ተመድቤ ሳስተምር፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ያልኩትን ሁሉ እየደገሙ አሰለቹኝ። የሚያስብ ካለ ልይ ብዬ በሰኔው ፈተና ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አባ ቢተው ሦስት በቅሎና አራት አህያ እየነዱ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ ሄዱ። መንገዱ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?»

አርባ አንድ ልጅ ደምሮ «ሰባት ሰዓት» አለ። አልታዬ ብቻ «አይታወቅም፤ እሳቸው ይጠየቁ» ብላ ጻፈች።

እኔ መልሱን ለማንም ሳልናገር ለእህል እደላ ገጠር ወጣሁ። ወረቀቱን ያረሙት ዳይሬክተሩ አቶ ምናለ ናቸው። እሳቸውም ደመሩ።

ደሴ የተከፈተው የሕፃናት ማሳደጊያ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣውን ልጅ ብቻ ይወስዳል። እዚያ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። አልታዬ ቤት ግን ታናሽ ወንድሟ ከተቀበረ ወር አልሞላውም። ጥያቄው አምስት ነጥብ ነበረው፤ አበቡ የምትባል ልጅ በሦስት ነጥብ በለጠቻት።

ስመለስ የማሳደጊያው ላንድሮቨር አንደኛ የወጣችውን ሊወስድ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሾፌሩ ሳይመሽ አቀስታን ለማለፍ ቸኩሎ ጥሩምባ ይነፋል።

«አምስት ነጥቧን ይስጧት» አልኳቸው አቶ ምናለን፣ ቢሮ ገብቼ።

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯችሁ ልጅ በአህያ ማታለል ነው?»

«የተታለሉት እርስዎም ነዎት።»

ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ እኅቴ፣ መልሱን ሰባት ብዬ ፈርሜ ለማሳደጊያው ኮሚቴ ልኬያለሁ። ዛሬ ተሳስቻለሁ ብል ነገ አድኃሪ ይሉኛል። በቃል ልፈትናት እችላለሁ። ሰባት ትበልና ትሂድ።»

አልታዬን ጠራኋት። እናቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ተከትለዋት ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«እሺ፣ ስንት ሰዓት ፈጀባቸው?» አሉ አቶ ምናለ።

«አይታወቅም፣ ጋሼ።»

ጥሩምባው ጮኸ።

«አብሽሪ ልጄ፣ የሚሉሽን በይ» አሉ እናቷ።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ሰባት ልክ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ልበል?»

«ደሴ ምሳ ስላለ።»

ትንሽ አሰበች። «እኔ ከሄድኩ አበቡ ትቀራለች?»

«ትቀራለች።»

«አበቡ አባት አላት» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ ቶሎ ብለው። «ላማቸውም አልሞተችም።»

አልታዬ የእናቷን እጅ አየች። ከቆዳና ከአጥንት በቀር ምንም አልቀረውም። ጥሩምባው ሁለት ጊዜ አከታትሎ ጮኸ። አቶ ምናለ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«ሰባት» አለች።

«ጎበዝ! አየሽ፣ ሲያስቡበት ይመጣል!» የአበቡን ስም ሰርዘው የእሷን ጻፉ።

ትከሻዋን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ሸሸችኝ።

«እትዬ፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውጡ» አለችኝ። እናቷን እየሳበች ወጣችና በሩን ዘጋችው።