ወረቀቱ ስንት በሬ ያወጣል?

«ያርሳል ወይ?» አሉ አቶ ከፋለ፣ የደርበውን የምስክር ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን እያዩ። ጀርባው ባዶ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ደርበውን ግን ላብ አጠመቀው። የአቶ ከፋለን ልጅ ስሜነሽን ሊጠይቁለት ገነተ ማርያም የደረሱት በጠዋት ነው፤ እስካሁን ነገሩ ሁሉ ሰምሮ ነበር። ዝምድና ተቆጥሯል፤ ሁለቱ እንደሚዋደዱም አገር ያውቃል። የቀረው ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብት ነው። በደንቡ የልጅቱ ወገን ያቆመውን ያህል የልጁም ወገን ያቆማል። አቶ ከፋለ ደግሞ ሁለት በሬ አቁመዋል። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሁለት በሬ!

የደርበው እናት ዘነቡም ሁለት በሬ ነበራት። አንዱን ሽጣ ነው ልጇን አዲስ አበባ ድረስ ልካ ያስተማረችው።

«ይህ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ነው» አሉ ሽማግሌ ሆነው የመጡት ቄስ የሻው። «ስድስት ወር ተምሮበታል። ማሽኑን በጽሑፍ ያዘዋል፣ ማሽኑም ይታዘዛል። ደመወዙ በወር ሦስት መቶ ብር ይደርሳል አሉ። በሁለት ወር አንድ በሬ ማለት እኮ ነው! እኛ እንደ ሁለት በሬ ቆጥረነዋል።»

አቶ ከፋለ ወደ ደርበው ዞሩ። «ይህ ማሽን ላሊበላ አለ?»

«የለም።»

«ወልድያስ?»

«እዚያም የለም።»

«ታዲያ በሬው ያለ ሞፈር ነው የመጣው በለኛ!»

ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣችው ዘነቡ አላስቻላትም። «አያ ከፋለ፣ ምን ነካዎት? መንግሥት የሚፈልገውን እውቀት ነው ልጄ የያዘው። ራሳቸው ፈልገው ይጠሩታል!» ይህንን ስትል ከርማለች፤ የሰፈሩ ሴቶች «የማሽን እናት» እያሉ እስኪያበሽቋት ድረስ።

«መልካም» አሉ አቶ ከፋለ። «እንግዲያው በገበያ ደንብ እናድርገው። በሬ የገዛ ሰው ጠምዶ ይሞክረዋል። ወረቀቱን እንደ ሁለት በሬ ቆጠርኩት። ነገር ግን ልጁ እስከ መስከረም ደመወዝ ካልያዘ፣ ያ የቀረሽ በሬ እኔ ደጅ ይታሰራል። ማይልኝ።»

ያ በሬ፣ ቡሬ፣ የዘነቡ የመጨረሻ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ እየተጠመደ እሷንና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቿን የሚያኖራቸው እሱ ነው።

ደርበው የሚያውቀውን እናቱ አታውቅም። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ያላንኳኳው ቢሮ የለም። ማሽኑ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም «ቅጥር ቆሟል፤ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ብለው ሸኙት። አብረውት ከተማሩት መካከል ሥራ ያገኘው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያስገባው አጎት ነበረው። ይህንን ለእናቱ ሊነግራት ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዋጠው! አሁን ቢናገር ስሜነሽን ያጣል። ዝም ቢል እናቱ ትምላለች፤ ዘነቡ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

«እምላለሁ!» ብላ ተነሳች ዘነቡ። «ምን አስፈራኝና! ቅዱስ ላሊበላን፣ ልጄ እስከ መስከረም…»

«እማ፣ አትማይ!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ጮኾ መናገሩን ያወቀው ያኔ ነው።

«በሬ የሚሸጥ ሰው ነውሩን ይናገር የለ?» አለ ወደ አቶ ከፋለ ዞሮ። «የኔም ነውር አለበት። ደጅ ጠንቼ ጠንቼ የሚቀጥረኝ አላገኘሁም። ወደፊት ሊገኝ ይችላል፤ ላይገኝም ይችላል።»

ዘነቡ ባለችበት ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ወይኔ ዘነቡ! በሬዬን ሽጬ ወረቀት ገዛሁ?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ደርበው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አቶ ከፋለ አልሳቁም። «ታዲያ ስንት ያወጣል? አሁን አንተው ንገረኝ።»

ምንም አያወጣም ሊል ነበር። ግን የመጀመሪያ ቀን የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ተቀብሎ ትክክለኛውን መልስ አትሞ ሲያወጣለት ልቡ እንዴት እንደዘለለ ትዝ አለው። ምንም አያወጣም ማለትም ውሸት ሆነበት።

«ጥጃ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሊያድግ ይችላል። ሊሞትም ይችላል።»

«ኧረ የጉድ አገር!» አሉ ቄስ የሻው። «ሁለት በሬ ብዬ ያመጣሁትን ጥጃ አድርጎት አረፈው!»

አቶ ከፋለ ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «የልጁ ወገን ካቆመው በላይ አላቆምም። በሬዎቼን መልሻለሁ።»

አለቀ፣ አለ ደርበው በልቡ። አንገቱን ደፋ።

«እኔም አንድ ጥጃ አቁሜያለሁ። ሠርጉ በጥር ይሁን።»

«የእርስዎ ጥጃ እኮ አራት እግር አለው!» አሉ ቄስ የሻው ግራ ገብቷቸው። «የልጁ ወረቀት ነው!»

«የኔንስ ነገ ጅብ ይበላው እንደሆነ በምን አወቁ፣ አባ? ሁለቱም ካደጉ ጥማድ ይሆናሉ። ዘነቡም ቡሬዋን ይዛ ትረስ።»

ዘነቡ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ዓይኗ ገና አልደረቀም።

«አያ ከፋለ» አለች፣ «ጥጃው ወንድ ነው ሴት?»