የሲሳይነሽ ልጅ ክርስትና የተነሣች ዕለት

እታለም እባላለሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው የምኖር። ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ ስለ ልጅ አያያዝ እኔን ሊያስተምር የሚነሣ ሰው አልወድም።

ጎረቤቴ ሲሳይነሽ የበኩር ልጇን ስትወልድ ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ መጥታ ሁለት ኪሎ አልሞላችም። ከሆስፒታል በተመለሱ ዕለት እኔ እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ ይዤ ሄድሁ። አራስ ልጅ ቅቤ ካልላሰ አንጀቱ አይለሰልስም፤ እኛ እንዲያ ነው ያሳደግን። ሲሳይነሽ ሕፃኗን ራቁቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«እትየ፣ አይቀየሙኝ» አለችኝ፤ «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም እንዳትቀምስ ብለውኛል።»

ቅቤዬን ከድኜ ወጣሁ። ተቀየምሁ እንጂ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ከዚያ ወዲያ በሄድሁ ቁጥር ስታጠባ ነው የማገኛት። ሽሮው እየገነፈለ ታጠባለች፤ እህል እያበጠረች ሳለ ሰፌዱን አስቀምጣ ታጠባለች። የጡቷ ጫፍ ቆስሎ ጥርሷን ነክሳ ስታጠባም አይቻለሁ። ባሏን መልካሙን «ሚስት ነው ያገባህ ላም?» ብዬ ቀልጄበታለሁ። ሕፃኗ ግን ጉንጯ ሞላ፤ ያ የክር ያህል የነበረ ክንዷ እጥፋት አወጣ። ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ ክርስትና እናት ይሁኑልን ብለው ለመኑኝ። ቂሜ በዚያው ቀረ።

ሰማንያው ፍልሰታ ላይ ዋለ። በፍልሰታ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ነው፤ የሚያበቃው ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ክርስትና የተነሣ ሕፃን በዚያው ቀን ይቆርባል፤ ከነጋ ወዲያም ሳይቆርብ ጡት አይሰጠውም። ሲሳይነሽ በዋዜማው «የንስሐ አባታችን እስከ ረፋድ ብትጠባ ምንም አይደል ብለውኛል» አለችኝ።

«የአባ ርኅራኄ ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ» ብዬ ዘጋኋት።

ጎህ ሲቀድ አንዴ አጥብታ ሰጠችኝ። የእናቷ ሽታ እንዳያስለቅሳት ብዬ ሲሳይነሽን ወደ ኋላ አስቀርቼ፣ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ በጭቃው እኔው ተሸክሜ ወጣሁ። እንዴት ኮርቼ እንደ ነበር።

ሕፃኗ ተጠመቀች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። ውኃው ሲነካት ጮኸች፤ ቅዳሴው ከገባ በኋላም አላቆመችም። አፏን ከፍታ አንገቴን ትፈልጋለች፣ ትከሻዬን ትፈልጋለች፣ የጋቢውን ጫፍ ትጠባለች። ሲሳይነሽ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ስታየን አየኋት። ወተቱ አዲስ ቀሚሷን ስላራሰው ነጠላዋን ሁለት እጥፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛለች። አንጀቴን ጨክኜ ፊቴን አዞርሁ።

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ሕፃኗ ዝም አለች። እፎይ አልሁ። አጠገቤ የቆሙ ሴቶች «ምን ያለች ጨዋ ናት» ሲሉ እኔን ያመሰገኑ ያህል ደስ አለኝ።

ያኔ ሲሳይነሽ ሰው እየገፋች መጣች።

«ይስጡኝ፣ እትየ።»

«ትንሽ ነው የቀረ» አልኋት፤ «ዝም ብላለችኮ።»

«ዝም ማለቷ ነው ያስፈራኝ። ሆስፒታል ሳለን ነግረውኛል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ርቦት ዝም ካለ ጠግቦ አይደለም፣ ማልቀሻ አቅም አጥቶ ነው።» የሕፃኗን ውስጥ እግር በጣቷ ኮረኮረች። ሕፃኗ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች። ሲሳይነሽ ከእጄ ወሰደቻትና ከግቢው አጥር ጀርባ ወዳለው ወይራ ሄደች።

ባዶ ጋቢ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ስድስት አሳደግሁ አልሁ እንጂ የወለድሁ ሰባት ነው። የመጀመሪያው ወንድ ነበር። ወፍራሙን የፊተኛውን ጡት «እንገር ነው፣ ሆዱን ያመዋል» ብለው አልቤ እንድደፋው አደረጉኝ። ቅቤ አላስነው፤ ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠነው። ሁለት ሦስት ቀን አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ። አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሞተ። ቡዳ በላው አልን። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ስል ኖርሁ።

መልካሙ እጄን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። «እትየ፣ ዘመዶቼ ከሽንዲ በዚህ ዝናብ መጥተዋል፤ ነገ ጧት ተመላሽ ናቸው። ከእኛ በቀር ያየ የለም። ቢጠይቁዎት አልጠባችም ይበሉልኝ።» ልጁ ክፋት የለበትም፤ ከሰው ፊት እንዳያፍር ነው።

የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ገብርኤል በዚያ ቀን ተረኛ ስላልሆኑ የሚቆርቡትን ሕፃናት እያሰለፉ ነበር። እኔ ዘንድ ደርሰው ባዶ እጄን አዩ።

«ልጅቱስ? ምንም አልቀመሰችም?»

መልካሙ አቀረቀረ።

«ጠብታለች፣ አባ» አልሁ።

«አንቺ ክርስትና እናቷ አይደለሽም? ሥርዓት አዋቂስ ነኝ ትይ የለም? ምነው ሳትከለክያት?»

«ከልክዬአት ነበር አባቴ። እርስዎ የፈቀዱላትን እንኳ ነው የከለከልኋት።» «የፊተኛው ልጄ ዝም ብሎ ነው የሞተ። ጨዋ ነው ስንል፣ ለካ ርቦት ነው። ዛሬ ገና ገባኝ።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ መልካሙ ዞሩና «እሑድ ቅዳሴው ጧት ነው፤ ያን ጊዜ አምጧት። ለእንግዶችህ እኔ እነግራለሁ» አሉት።

ወደ ወይራው ሄድሁ። ሲሳይነሽ ሕፃኗን ወደ ሁለተኛው ጡቷ አዙራታለች። የምትውጠው ድምፅ ይሰማኛል፤ ጉንጯ ቀልቷል፤ ትንሿ እጇ የእናቷን ነጠላ ጨብጣለች።

«ምን አሉ?» አለችኝ ሲሳይነሽ።

«እሑድ ትቆርባለች።»

«አሳፈርሁዎት፤ ተቀየሙኝ አይደል?»

ርጥብ ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ላለቅስ ብል አልሆነልኝም። «እኔም የበኩር ልጅ ነበረኝ» አልኋት፤ «አሥራ ዘጠኝ ቀን።»

«ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

«ስም ሳይወጣለት ነው የሞተ።»