በሰንበሌጥ የተለካው ራም

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ኮምፒውተራቸውን ከይምርሐነ ክርስቶስ በበቅሎ ጭነው የመጡት ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ባለቤታቸው እትየ ይማርሽ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልለው፣ በላዩ ላስቲክ ደርበው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ሱቄ ገቡ።

«ዝናብ አልነካውም» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እኔን እንጂ እሱን አልነካውም።»

እኔ አድማሴ እባላለሁ። ሱቄ ላሊበላ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጎን ናት። በሬድዮ ጥገና ጀመርኩ፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እየሰማሁ ነው የተማርኩት። የታመመ ሬድዮ ሕመሙን በድምፁ ይናገራል። ኮምፒውተርም ሲበራ አንዴ አጭር «ጢጥ» ካለ ደኅና ነው፤ አርዝሞ ከጮኸ በውስጡ ያልተስማማ ነገር አለ።

«ምን ሆነ መሪጌታ?» አልኳቸው።

«ይቆምብኛል። ፊደሉን አሳድግ፣ አሳድግ እለዋለሁ፤ ልክ ሊታየኝ ሲል ቀጥ ይላል።»

«እንደ በቅሏችን» አሉ እትየ ይማርሽ።

መሪጌታ አልሳቁም። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ ደግሞ ጧት ጧት ብቻ፣ ያውም በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያህል፣ መሐል መሐሉን ያያል። ወልድያ ያያቸው ሐኪም «የሚያነቡት ካለዎት አሁን ያንብቡ» ብሏቸዋል።

የሚያነቡት ነበራቸው። የዜማ መምህራቸው የኔታ ደግሰው የጽጌን ወቅት ዜማ በገዛ እጃቸው የጻፉበት አሥራ አንድ ገጽ ደብተር ነው። ከፊደሉ በላይ፣ ድምፅ የት እንደሚወጣና የት እንደሚያዝ የሚያሳዩ ከጤፍ የማይበልጡ ምልክቶች አሉ። የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ደብተሩም በጦርነቱ ዓመት ጠፋ። አንድ ተማሪ ቀድሞ ፎቶ አንስቶት ስለነበር ፎቶው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ። በወረቀት ቢያሳትሙት ምልክቱና የቀለሙ እድፍ አንድ ሆነባቸው። እኔ ዘንድ ያለችው ላፕቶፕ ደግሞ ከእሳቸው ኮምፒውተር የባሰች ናት።

«ዜማውን በቃልዎ አያውቁትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አውቀው ይመስለኛል። አንዳንዱን ቦታ ዐርባ ዓመት በግምት ነው የሄድኩት።» ቀጠሉና፣ «አሁን ሰባት ልጆች ከእኔ ይማራሉ። ዓይኔ ሳይዘጋ ካላቀናሁት ግምቴን ይዘው ነው የሚሄዱት» አሉ።

ሣጥኑን ከፈትኩት። አንድ ሆቴል ቢሮውን ሲዘጋ የተሸጠ፣ ዕድሜው የገፋ ዴስክቶፕ ነው። ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። አንድ ባለ ሁለት ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ሲጠበው ትልቁን ፎቶ የሚያኖርበት ያጣል። ሁለት ባለ አራት ጊጋ ቢገባለት ይበቃዋል።

ደሴ የኮምፒውተር ዕቃ ለምትሸጠው ለሐምዲያ ደወልኩ።

«የራሙን ፎቶ ላክልኝ» አለችኝ።

«ኢንተርኔት የለም።»

«እሺ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት አንብብልኝ።»

«ተልጧል።»

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ታዲያ በሕልሜ ልየው?»

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። እኛ አገር ሩቅ ገበያ ጫማ የሚያስገዛ ሰው የእግሩን ልክ በሰንበሌጥ ቆርጦ ይልካል። እኔም ሰንበሌጥ ቆረጥኩ፤ ከራሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ በጠርዙ ከተደረደሩት የብረት ጥርሶች መሐል ያለችውን ክፍተት በምላጭ ምልክት አደረግሁባት። ክፍተቷ በትንሹ ከተዛነፈች ዕቃው አይገባማ። ደሴ ለሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ለታፈረ ሰጠሁት።

በአምስተኛው ቀን ሁለት ራም መጣልኝ፤ ሰንበሌጡም አብሮ በክር ታስሮ ተመልሷል። ሐምዲያ ደውላ እስክትጠግብ ሳቀችብኝ። «ወላሂ፣ በሣር ለክቶ ራም ያዘዘ አንተ የመጀመሪያው ነህ! ግን ልክክ ብሏል።»

እውነትም ልክክ ብሎ ገባ። መሪጌታና እትየ ይማርሽ አጠገቤ ተቀምጠዋል። አማተብኩና አበራሁት።

ረጅም ጩኸት። ዝም። ደግሞ ረጅም ጩኸት።

አወጣሁት፤ ጥርሱን በላጲስ ጠረግሁት፤ መለስኩት። ያው ነው። አንዱን ብቻ ሞከርኩ፤ ያው። አሮጌውን ስመልሰው «ጢጥ» ብሎ ተነሣ።

«የሞተ ዕቃ ነው የላከችልኝ» አልኩ። ልቆጣት ስልኬን አነሣሁ።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። «የሞተ ነገር እንዲህ አይጮኽም። እስቲ ሁለቱንም ወዲህ በላቸው።»

አዲሱንና አሮጌውን በሁለት መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አሮጌውን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው ሄዱበት። ራሙ ላይ የተደረደሩትን ጥቋቁር ቅንጣቶች ነው የሚቆጥሩት።

«ስምንት።» ገለበጡት። «ስምንት።» አዲሱን ያዙ። «ስምንት።» ሲገለብጡት ጣታቸው ያለ ምንም መሰናክል ተንሸራተተ። «የዚህ ጀርባው ባዶ ነው።»

አይቼው ነበር። የዘመኑ አሠራር መስሎኝ ነው ያለፍኩት። ለሐምዲያ ስደውልላት ለቁጣ ያዘጋጀሁት ቃል ለይቅርታ ዋለ።

«አዲሱ በአንድ ቅንጣት ላይ እጥፍ አድርጎ ይሸከማል» አለችኝ። «የድሮ ማሽን ያን ማንበብ አይችልም። ለእሱ በሁለቱም ፊት ስምንት ስምንት ሆኖ የተከፋፈለ ነው የሚስማማው። ማሽኑ አሮጌ መሆኑን ሰንበሌጥህ መቼ ነገረኝ?»

እትየ ይማርሽ ከስልኩ ያመለጠውን ድምፅ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌ ነዋ! ጉርሻው ቢተልቅበት አነቀው።»

ሐምዲያ ባለ ሁለት ፊቱን ከዚህም ከዚያም ፈልጋ ሁለት አገኘች። ታፈረ ሊያመጣው ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ።

ባልና ሚስቱ አገር ቤት አልተመለሱም፤ ከተማ ዘመድ ዘንድ ሰነበቱ። ጧት ጧት ከኪዳን መልስ እየመጡ ሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ። ከሱቄ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለ። መሪጌታ ዓይናቸውን የሚፈትኑት በእሱ ሰሌዳ ነበር። በመጡ ሰሞን «መድኃኒት ቤት» ብለው ጨርሰው ያነቡት ነበር። መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ «መድኃ ድረስ አየሁ» አሉኝ። ሻይ አስመጣሁላቸው። ሌላ ቀን እትየ ይማርሽ ቀድመው፣ «ዛሬ ጭጋግ ነው፣ ለማንም አይታይም» አሏቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መሪጌታም ያውቃሉ፤ «እውነትሽን ነው፣ ጭጋግ ነው» አሉ።

ያን ዕለት እሳቸው ሲሄዱ እትየ ይማርሽ ወደ ኋላ ቀሩና እጄን ያዙኝ። «አድማሴ፣ በሰሌዳው ‹መ› ብቻ ቀርታቸዋለች» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ታፈረ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ጥቅሉን ስፈታ መጀመሪያ ያደረግሁት ራሞቹን ለመሪጌታ መዳፍ መስጠት ነው። ቆጠሩ፤ ገለበጡ፤ ቆጠሩ። «ይሁን» አሉ።

አስገባሁና አበራሁ።

«ጢጥ።»

ከእኔ ቀድመው ፈገግ ያሉት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን ገጽ ከፈትኩ። ፎቶውን አሳደግሁት፤ አልቆመም። ደግሞ አሳደግሁት፤ አንዷ ፊደል የመዳፍ ያህል ሆነች፣ በላይዋ ያለው ምልክት ደግሞ የጣት ያህል። መሪጌታ ፊታቸውን ከኮምፒውተሩ መስታወት ሊያስነኩ ደርሰው ማንጎራጎር ጀመሩ። ባጃጆቹ ይጮኻሉ፤ እኔ የሰማሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው።

አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ኅዳጉ ላይ ቆመ። «ይሄ እድፍ ነው?»

እድፍ ነበር የሚመስለው። ሳሳድገው ደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። ቃል በቃል እየለቀሙ፣ እያቆራረጡ አነበቡት፦

«ሰይፈ ሥላሴ... እዚህ ላይ... ይቸኩላል። ያዝ አድርጉት።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር፤ ንጹሕ ነበር፣ እሳቸው ግን ይጠርጉታል።

«የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ዝም ብለው የሚያልፉኝ ይመስለኝ ነበር። ይሰሙኝ ኖሯል።»

«እኔም ያንኑ ዐርባ ዓመት ስነግርዎት ኖሬያለሁ» አሉ እትየ ይማርሽ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከእኔ ባይሰሙ ከየኔታ ይስሙ እንጂ!»

ያኔ ሳቁ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ያችን ስንኝ እንደገና ጀመሯት። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ሊወርድ ሲል ያዙት። ቆየ። ቆየና በራሱ ጊዜ ወረደ።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን በጋቢው ጠቅልለን በቅሎዋ ላይ ጫንነው። በመስከረም አጋማሽ እትየ ይማርሽ ደውለው «ዘጠነኛው ላይ ናቸው» አሉኝ። ሲሰነብቱ ደግሞ ደወሉ፦ «አሥራ አንዱንም ጨርሰዋል። አሁን ማሽኑ ላይ የሚቀመጡት ልጆቹ ናቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በጆሮ ያርማሉ።» ስለ ዓይናቸው አልጠየቅሁም፤ በዚሁ ነግረውኛል።

ጽጌ በገባ በሁለተኛው እሑድ በእግሬ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድኩ። ጧት ነው፤ የዋሻው አፍ ላይ ከምእመኑ ጋር ቆምኩ። እኔ ምልክት ማንበብ አልችልም። ያችን ቦታ ግን ሱቄ ውስጥ ሰምቻት ስለነበር ስትመጣ ዐወቅኋት።

መሪጌታ ያዙት። ከኋላቸው ሰባቱም ልጆች ያዙት።