በዳኛ ቢሻው ምድጃ ፊት

የትናየት ወደ ብየዳ ቤቱ ስትመጣ አንዱዓለም የተሰበረ የጋሪ አክስል እየበየደ ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ቀና ሲል ጥቁር የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ወዲያው አወቃት። መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ በኋላም ሰው ሳያውቅባቸው ሲዋደዱ ኖረዋል።

«ይግቡ። ምን ልታዘዝ?» አላት።

«እርስዎ ትለኛለህ?»

አንዱዓለም ደነገጠና እጁን በቱታው ጠረገ። «ስንት ዘመኑ! አፌ አልታዘዝ አለኝ» አላት።

የመጣችው ከባሕር ዳር፣ ለእናቷ ተዝካር ነበር። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ በግጭት ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ፤ እሷም እዚሁ ቀረች። አባቷ ዳኛ ቢሻው ከእንግዲህ ያላቸው ምግብ የምታበስልላቸው ዘመዳቸው ደጊቱ ብቻ ናት። የኅዳር ውርጭ ሲበረታባቸው የከሰል ማንደጃ አልጋቸው ሥር እያስቀመጡ ይተኙ ነበር። በቀደም ራሳቸውን ስተው ደጊቱ ጎትታ አወጣቻቸው። ጤና ጣቢያ የወሰዷቸው ጊዜ፣ በተዘጋ ቤት ሁለተኛ ከሰል እንዳይገባ ተባሉ።

«ምድጃውስ?» አለ አንዱዓለም። ያንን ምድጃ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዳኛው አርሲ ሲሠሩ አንድ የድሮ ቤት ውስጥ አይተው ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን በጥርብ ድንጋይ ሲያሠሩ ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ምድጃ አስገቡበት።

«ጭሱን መልሶ ቤት ውስጥ ይተፋዋል። እናፍርሰው ብንል አባባ ‹መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ› አሉ። እናቴ ከፊቱ ቁጭ ብላ ነበር የምትፈትለው። ስለዚህ እሱን ሳትነካ ከፊቱ የብረት ምድጃ አቁምልኝ። በር ያለው ይሁን፤ ቱቦው በአሮጌው ጭስ ማውጫ ይውጣ።» ቀጥላም «እሳቸው መሞቃቸውን ካየሁ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ። መንገዱ ሊከፈት ነው ይባላል» አለች።

«እሠራልሻለሁ» አላት።

ወጣት ሳሉ የአንዱዓለም አባት ጋሻው ሽማግሌ ልከውላት ነበር። ጋሻው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ዳኛ ቢሻው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው ጠላ አስቀዱላቸው። ከዚያ «ልጄን ለቀጥቃጭ ልጅ አልሰጥም» ብለው ሸኟቸው። የትናየት ብዙም ሳትቆይ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ተላከች፤ እዚያው ተዳረች። አንዱዓለምም አግብቶ ነበር። ሚስቱ ግን «ልብህ ቤት የለም» ብላው ወደ ወላጆቿ ተመለሰች፤ እሱም ተከትሎ አልለመናትም።

ምድጃውን ከወፍራም ላሜራ ሠራው። እግሮቹን ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንደገና በየዳቸው። የበሩን ጠርዝ በእጁ ዳብሶ የማይቧጭር መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሞረደው። ለማንም እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

ምድጃውን በጋሪ ጭኖ ሲደርስ ዳኛ ቢሻው ጋቢ ደራርበው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የጋሻው።»

«የቱ ጋሻው?»

«ማረሻ ይሠሩ የነበሩት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ነፍሱን ይማረው። ማረሻው አይዶለዱምም ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

አንዱዓለምና የትናየት ምድጃውን ተጋግዘው አስገቡት፤ ከአሮጌው ምድጃ ፊት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆሙት። አንዱዓለም አንገቱን ወደ ጭስ ማውጫው አስግጎ የወፍ ጎጆ እየጎተተ ጣለ። ከዚያ ቱቦውን እሷ ደግፋ ያዘችለት፤ እሱ ተንበርክኮ ይገጣጥም ጀመር። ጥላሸቱ እስከ ክንዷ አጠቆራት።

«ልጆችሽ አደጉ?»

«ትልቋ ቁመቷ በልጦኛል። አንተስ?»

«አልሰጠኝም።»

አባቷ አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የትናየት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ አክስቴ ቤት ደጃፍ እየተቀመጥኩ ከደብረ ታቦር የሚመጣውን አውቶቡስ አይ ነበር። ትመጣለህ ብዬ።»

አንዱዓለም እጁ ቆመ። «ተነሥቼ ነበር።»

«እስከ የት?»

«እስከ ደብረ ታቦር። መናኸሪያው ውስጥ ስዞር ውዬ ተመለስኩ። ‹ማን ነህ?› ቢሉኝ የምለው ጠፋኝ።»

የትናየት ቱቦውን አጥብቃ ያዘችው።

ምድጃው ሲለኮስ ጭሱ ጥቂት ወደ ላይ ሄደና ተመልሶ በአሮጌው ምድጃ አፍ በኩል ቤቱን ሞላው። ሽማግሌው እየሳሉ ነቁ፤ ደጊቱ መስኮት ልትከፍት ሮጠች። አንዱዓለም ነገሩ ወዲያው ገባው። በቱቦውና በአሮጌው ጭስ ማውጫ መካከል ያለው ክፍተት በላሜራ መደፈን አለበት። ላሜራውም መቁረጫውም ጋሪው ላይ ናቸው።

«ነገ እጨርሰዋለሁ» አለ።

የትናየት በተከፈተው በር በኩል ጋሪው ላይ ያለውን ላሜራ አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

«እሺ፣ ነገ» አለች።

በማግስቱ ክፍተቱን ደፈነው፤ ጠርዙንም ጭድ ባለው ጭቃ መረገው። የባሕር ዛፉ ፍልጥ ሲያያዝ እሳቱ እየተንቦገቦገ ጭሱን ወደ ላይ ሳበው። ብረቱ ግሎ ሙቀቱ እስከ መስኮቱ ደረሰ። ዳኛ ቢሻው መጀመሪያ ነጠላቸውን፣ ቀጥሎ አንደኛውን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱ። እግራቸውን ዘርግተው «እፎይ፣ አምላኬ» አሉ።

አንዱዓለምና የትናየት ከምድጃው ፊት ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደጊቱ ጠላ ቀዳችላቸው። አንዱዓለም ብዙ የሚናገረው ነበረው፤ ግን ያን ያህል ቅርብ ተቀምጣ ሳለ መናገሩ የሚያባርራት መሰለው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጎረቤታቸው በላይነህ ከአጥር ማዶ ተጣራ።

«የትናየት! መንገዱ ተከፈተ! ነገ በጠዋት አውቶቡስ አለ!»

ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አንዱዓለም ዕቃውን ሰበሰበ። እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«ጥላሸት ሳይደፍነው ቱቦውን እየመጣህ እይልኝ።»

«አያለሁ።»

«አባባንም ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል።»

እጇን ዘረጋችለት። ሲጨብጣት ቶሎ አልለቀቀችውም። ከዚያ ሮጥ ብላ ገባች።

ከዚያ ወዲያ አንዱዓለም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ይል ጀመር። ቱቦውን አንኳኩቶ ጥላሸቱን ያራግፋል፤ ፍልጥ ይጨምራል። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌው ምንም አይሉትም ነበር። በኋላ «ተቀመጥ እንጂ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን «ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ...» ብለው ጀመሩና ትተውት እሳቱን ያዩ ጀመር። አንዱዓለምም እንዲጨርሱት አልጠየቃቸውም።

ከጥምቀት በኋላ ኔትወርክ ተመለሰ። አንዱዓለም እዚያው ተቀምጦ ሳለ የዳኛ ቢሻው ስልክ ጠራ፤ ደጊቱ አንሥታ ድምፁን ከፍ አደረገችላቸው።

«አባባ፣ ይሞቅዎታል?» የትናየት ናት።

«ይሞቀኛል ልጄ።»

«ከማን ጋር ነዎት?»

«ከአንዱዓለም ጋር» አሉ። ስሙን ሲጠሩት ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስልኩ ጭጭ አለ። ደጊቱ ተቋረጠ ብላ ልትነካካው ስትል «ደህና ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንካ፣ አንተው ንገራት» ብለው ስልኩን ሰጡት።

«ደህና ነኝ» አለ አንዱዓለም። «ምድጃውም ደህና ነው።»

«አይጨስም?»

«አይጨስም።»

«እሺ» አለች።

ስልኩን አልዘጋችም። ከወዲያ በኩል ልጆች ሲሳሳቁ፣ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። እሱም ምንም ሳይናገር ስልኩን ከጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጠ።